ገጽ ሁለት ላይ የሞቱት አያት

እትዬ ሴንትራል መሞታቸውን የሰሙት ማክሰኞ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የጡረታ ደብተራቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ በሄዱበት ነው። ኮፒ ቤቷ ከሚኖሩበት ፎቅ ሥር፣ በጫማ መሸጫውና በቁልፍ ሠሪው መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። ባለመነጽሯ ኮፒ አንሺ ጎንበስ ብላ ማሽኑ ላይ ወረቀት ስትሞላ ቆይታ ቀና ስትል አየቻቸውና የያዘችው ወረቀት ከእጇ ተበተነ።

«እትዬ! አልሞቱም እንዴ?»

እትዬ ሴንትራል ወደ ኋላቸው ዞር ብለው አዩ። ሌላ ሰው የለም። «እስካሁን የነገረኝ የለም» አሉ።

ባለመነጽሯ ፊቷ ቀላ። ትናንት ማታ ሚጢ መጥታ ድርሰቷን አሳትማ ነበር። የሰው ወረቀት የማንበብ አመል የለባትም፣ እግዜር ምስክሯ ነው፤ ግን ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፣ ፊደሉ ደግሞ ትልቅ ነው፣ አሟሟታቸው ላይ ስትደርስ እንባዋ አመለጣት። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ስድስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ ቤተሰቡን ልታጽናና አስባ ነበር። ሚጢ የእትዬ ሴንትራል የልጅ ልጅ ናት። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የመዝገብ ስሟ ሌላ ቢሆንም ቁመቷ አልነሳ ብሎ ሚጢ እንደተባለች ቀርታለች። ለአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ከጀመረች ወራት ሆኗታል። የትኛው ነው ሲባሉ እትዬ ሴንትራል «ያ ትልቁ» ይላሉ። ከመቶ አመልካች አራቱን ብቻ እንደሚቀበል የሰሙ ቀን «ታዲያ ዘጠና ስድስቱን ለምን ያደክማቸዋል?» ብለው ነበር። ማመልከቻው ዛሬ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ያውቃሉ። ድርሰት እንደሚጠይቅም ያውቃሉ። ድርሰቱ ውስጥ እንደሚሞቱ ግን ያማከራቸው የለም።

ባለመነጽሯ ቀለም የዘለለበትንና ዳግም የታተመውን ገጽ ከውዳቂው ወረቀት መካከል ፈልጋ አወጣችላቸው። ገጽ ሁለት ብቻ ነው። እትዬ ሴንትራል ሁለት ቦታ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ኮፒውንም ሳያስደርጉ ወጡ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ድርጅት ነው የሠሩት፤ ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው፣ «ሴንትራል ነኝ፤ ማንን ላገናኝዎ?» እያሉ። ስማቸው የቀረው ከዚያ ነው። የባህር ማዶ ጥሪ ሲያገናኙ የለመዱት እንግሊዝኛም አልከዳቸውም፤ የተጣመመ ቢሆንም ይሠራል፣ እንደ አሮጌ ቁልፍ። አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና የራሳቸውን ሞት ማንበብ ጀመሩ። ሳንባቸው ታሞ ስምንት ወር ማቅቀዋል። ስምንቱንም ወር ሚጢ ቀን እየተማረች ማታ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ አስታማቸዋለች። እሳቸው ግን በነዚያ ስምንት ወራት ሊፍቱ ስለተበላሸ ስድስት ፎቅ ደረጃ በእግራቸው ሲወጡና ሲወርዱ ነበር፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብላ የምታርፈው ሚጢ ናት። በድርሰቱ መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ፣ ዝናብ በመስኮቱ ላይ ሲወርድ፣ የልጅቷን እጅ ይዘው በደከመ ድምፅ «ክንፍሽን ዘርጊና ወደ ከዋክብት ብረሪ» ብለው አረፉ። የተናደዱት በመሞታቸው አይደለም፤ በዚህ ነው።

«ክንፍ?» አሉ ጮክ ብለው። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ደንግጦ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። «እኔ ነኝ ክንፍ የምለው?»

ሰውየው አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ማየት ጀመረ።

የሚጢ እናት፣ የእሳቸው ልጅ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው። ሲደርሱ ወረፋው እስከ በሩ ነበር። እትዬ ሴንትራል ወረፋ አልያዙም፤ በጎን በኩል ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብለው የታጠፈውን ወረቀት ዘርግተው አስቀመጡት። ልጃቸው ከላይ አንድ መስመር አነበበችና አይኗን ወደ መደርደሪያው አሸሸች። እትዬ ሴንትራልም ወዲያው ገባቸው። ይህች ልጅ ስኳር ሰርቃ የበላች ጊዜም እንደዚሁ ነበር የምታየው፤ ወደ መደርደሪያ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ የተካሄደው በአንድ ጠርሙስ የሳል ሽሮፕና በሁለት ጥቅልል ፋሻ መካከል፣ በቁርጥራጭ ነው።

«እማዬ፣ ድርሰት እኮ ነው። ሐዘን የሌለበትን አያነቡትም አሉ። ተቀባይነት አግኝተው ድርሰታቸውን ኢንተርኔት ላይ ያወጡት ልጆች በሙሉ አንድ ሰው ሞቶባቸዋል… ይሄ ከምግብ በኋላ ነው አባባ፣ በቀን ሦስት ጊዜ።»

«እና ተሰብስባችሁ እኔን ገደላችሁኝ?»

አባባ የተባሉት ሽማግሌ መድኃኒታቸውን ተቀብለው ሲያበቁ መሄዱን ተዉት።

«ምን ተሰበሰብን፣ እኔና እሷ ብቻ ነን። መጀመሪያ አባቷን አስበን ነበር። እሱ ግን የደሞዝ ማስረጃው ላይ መፈረም አለበት፤ የሞተ ሰው ደግሞ አይፈርምም። እኔ የወላጅ ፈቃዱ ላይ እፈርማለሁ። አንቺ ብቻ ነሽ…»

«እኔ ብቻ ነኝ ምን?»

«ፊርማሽ የትም ቦታ የማይጠየቅ» አለች ልጃቸው፣ የሂሳብ ማሽኑን እየነካካች።

ክፋት አልነበረባትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ለዚህም ነው የከበደው። እትዬ ሴንትራል ወረቀቱን መልሰው አጠፉት። ልጃቸው «ምሳ በልተሽ ነው?» ልትል አፏን ከፍታ ገና አራት ሰዓት መሆኑ ትዝ ሲላት ዘጋችው። ሽማግሌው ብቻ «እንኳን ተረፉ» አሏቸው፣ ከልባቸው። እትዬ ሴንትራልም አመስግነው ወጡ።

ወደ ቤት መመለስ ይችሉ ነበር። ግን ገጽ አንድን አላነበቡም፤ ሰው ደግሞ የሞተበትን ገጽ አንብቦ የኖረበትን ሳያነብ እንዴት ይቀመጣል? ማመልከቻው የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር የድጋፍ ደብዳቤም ስለሚጠይቅ ድርሰቱ እሱ ዘንድ እንዳለ ያውቃሉ። ሦስት ፌርማታ በአውቶቡስ ሄደው፣ ለዘበኛው ማንነታቸውን ሳይሆን የማን እንደሆኑ ነግረው ገቡ። ዳይሬክተሩ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጠረጴዛው ላይ በጣም ትንሽ ማራገቢያ ያስቀመጠ ሰው ነው። ማራገቢያዋ የምታቀዘቅዘው ግራ ጆሮውን ብቻ ነው። ወንበር ሳበላቸው።

«የልጅቷ ዘመድ ነኝ» አሉ እትዬ ሴንትራል። ውሸት አይደለም።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ እናቴ። እንደሳቸው ያለ አያት ማጣት ቀላል አይደለም።»

«ያውቋቸው ነበር?»

«በቅርብ» አለ ዳይሬክተሩ፣ ደረቱን ነካ አድርጎ።

እትዬ ሴንትራል አይናቸው እንደደከመ ነግረውት መጀመሪያውን ገጽ እንዲያነብላቸው ለመኑት። እሱም እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ አንዳንዴ ቃል እየፈለገ፣ አነበበላቸው። «እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ ስሜን መናገር አልችልም ነበር። የመጀመሪያው ፊደል ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀረቀራል። ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ ቃሉን እነሱ ይጨርሱልኛል፤ እኔም ዝም እላለሁ። አያቴ ግን ጨርሳልኝ አታውቅም። ወደ ግድግዳው አዙራ ታስቀምጠኝና ከኋላዬ ሆና ‹ሴንትራል ነኝ፤ ማንን ላገናኝዎ?› ትለኛለች። የማያየኝን ሰው አልፈራም ነበር። አንድ ቀን ከአንድ ንጉሥ፣ አንድ ቀን ከጥርስ ሐኪም፣ አንድ ቀን ከጨረቃ ጋር አገናኝታኛለች። ከጨረቃ ጋር መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ዞሬ አየኋትና ስሜን ነገርኳት።»

ማራገቢያዋ ትሽከረከራለች። እትዬ ሴንትራል ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ያንን ጨዋታ ረስተውት ነበር ማለት ይቻላል። ልጅቷ ስታስቸግር ከሰዓት በኋላውን ለመግፋት ያመጡት ነገር እንጂ ሕክምና ነው ብለው አስበውት አያውቁም። እሷም አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። በነሱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። «በላሽ?» ይባላል፣ «በሩን ዝጊ» ይባላል፣ «ጃንጥላ ያዢ» ይባላል፤ ሌላው ሁሉ በነዚህ ውስጥ እንዳለ ይታሰባል። የሚወደዱ መሆናቸውን ለማወቅ መሞት ነበረባቸው፤ እሱም በእንግሊዝኛ።

«ይሄ ገጽ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሁለተኛው ግን ይስተካከል።»

«ምኑ ነው የሚስተካከለው?»

«ሟቿ እኔ ነኝ።»

ዳይሬክተሩ ተነሳ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳ። በዚህ መሃል እትዬ ሴንትራል ድርሰቱን ሲያነብበት የነበረውን የኮምፒውተር ስክሪን ወደራሳቸው አዞሩት። የድጋፍ ደብዳቤው እዚያው አጠገቡ ተከፍቶ ነበር። አይናቸው ድካሙን ረሳና እንግሊዝኛውን ቀጥታ አነበቡት።

«እዚህ ላይ ቀብሬ ላይ እንደነበሩ ይላል።»

ዳይሬክተሩ ማራገቢያዋን አጠፋት። ለምን እንዳጠፋት እሱም አያውቅም።

«ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ» አሉ እትዬ ሴንትራል። «ብዙ ሰው ነበር?»

«እናቴ፣ ልጅቷን ልርዳ ብዬ ነው…»

«አውቃለሁ። ሰው ሳይሞት ቀብር የደረሰ ሰው እስከ አስር ሰዓት ሌላ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ሲገቡ ሚጢ ከመኝታ ክፍሉ መስኮት ሥር፣ ልብስ በሚተኮስበት ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀምጣ ነበር። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለፈተና እንዲዘጋጁ ቤት ናቸው። እትዬ ሴንትራል ጫማቸውን አወለቁ፤ ገጽ ሁለትን ከቦርሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው ደልድለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ልጅቷ አየችው።

«እ… እ… እ…»

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሰማ ነገር ነው። እትዬ ሴንትራል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ቃሉ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ ግን አልጨረሱላትም። ከታች ቁልፍ ሠሪው ብረት ሲሞርድ ይሰማል። ሞርዶ ሞርዶ አቆመ።

«እማማ» አለች ሚጢ። ከዚያ በኋላ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወረደላት። «ምንም አልደረሰብኝም እኮ! የሌሎቹን ብታነቢ… ጦርነት አላቸው፣ እሳት አላቸው፣ ወንዝ ተሻግረው ነው የመጡት። እኔ ምን ልጻፍ? ሊፍቱ ተበላሸብኝ ብዬ ልጻፍ? እናቴ አለች፣ አባቴ አለ፣ አንቺ አለሽ፣ ሁላችሁም ጤነኛ ናችሁ!»

«ይቅርታ አድርጊልን» አሉ እትዬ ሴንትራል።

ሚጢ ሳትወድ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

«ክንፉን ግን ከየት አመጣሽው?»

«ሰው ሲሞት ምን እንደሚል አላውቅማ።»

«እኔ እንደሆነ ጋዙን አጥፊው ነው የምለው» አሉ እትዬ ሴንትራል። «በይ አሁን አንሺኝ ከዚያ።»

ሚጢ ገጽ ሁለትን ከላፕቶፑ ላይ ሰረዘችው። ስትሰርዘው አያቷ ተነሱ፣ ግን ሦስት መቶ አስር ቃላት የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ልጅቷ ባዶውን እያየች ጥፍሯን በላች። በመጨረሻ የቤተሰቡ ኩራት ትዝ አላት። አያቷ ከተራ ስልክ አገናኝነት ተነስተው የመዝገብ ቤት ኃላፊ እስከመሆን እንዴት እንዳደጉ ትጽፋለች፤ ትጋት፣ ጽናት፣ እድገት፤ እነሱ ይወዱታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህ ታሪክ ይነገራል፤ ሟቹ ወንድ አያቷም ይናገሩት ነበር። እትዬ ሴንትራል በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መዋሸት በዛባቸው።

«አላደግኩም» አሉ።

«ምን?»

«ቀጥተውኝ ነው መዝገብ ቤት የከተቱኝ። ኃላፊ ነበርኩ፤ እውነት ነው። ከእኔ በታች ግን ከአይጥ በቀር ማንም አልነበረም።»

ከዚያም ለባላቸው፣ ለልጃቸው፣ ለማንም ያልተናገሩትን ነገሯት። አንድ ሰውዬ በየዓርቡ ሚስቱ ዘንድ ይደውል ነበር። ሩቅ ወደብ ላይ ሥራ እንደያዘው፣ መንገዱ በጎርፍ እንደተቆረጠ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚመጣ ይነግራታል። መስመር የሚያገናኙበት ሳንቃ ላይ የምትበራው መብራት ግን የሩቁ መስመር አልነበረችም፤ ከሴትየዋ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ያለው ሆቴል ናት። አገናኝ ሰው ያያል፣ ይሰማል፣ ዝም ይላል፤ ደንቡ ይሄ ነው። እሳቸውም አምስት ወር ዝም አሉ። አንድ ዓርብ ሴትየዋ ሕፃኑን እንዳተኮሰው ነግራ ና ብላ ለመነችው። ሰውዬው ስለ ጎርፉ ጀመረ። «አፌ ቀደመኝ» አሉ እትዬ ሴንትራል። «‹እመቤት፣ መንገዱ አልተቆረጠም። ሰውዬው ያለው እዚያው መታጠፊያው ላይ ካለው ሆቴል ነው› አልኩ። ሁለቱም ጸጥ አሉ። እኔም ጸጥ አልኩ። ሰኞ ዕለት ምድር ቤት አወረዱኝ። ዘጠኝ ዓመት!»

ሚጢ አፏን ከፍታ ቀረች። «ሴትየዋስ?»

«አላውቅም። ሄዳ ጎትታ አውጥታው ይሁን፣ ወይ እኔን ረግማኝ ይሁን። እስከ ዛሬ አላውቅም። ደንቡን መጣሴንም አልክድም።»

«ይሄን ነው የምጽፈው!»

«ጻፊው። ግን ጀግና እንዳትይኝ።»

ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ መጻፍ ጀመረች፤ እትዬ ሴንትራል ከኋላዋ ተቀምጠው በትከሻዋ በኩል ያነባሉ። ሚጢ «ደፋሯ» ብላ ስትጽፍ «አጥፊው» ይላሉ። «ጥበበኛዋ» ስትል «እሱንም»። ሚጢ ከንፈሯን እየነከሰች ታጠፋለች። አንድ ቦታ ላይ ተጣሉ። ልጅቷ መጨረሻው ላይ ከዚህ ታሪክ ምን እንደተማረች መጻፍ ፈለገች፤ እሳቸው ደግሞ ገና ከነገሯት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ምን ተማርኩ እንደምትል ጠየቋት። ሚጢ አስባ አስባ፣ እውነት መናገር መልካም ይሁን ጥፋት ሁልጊዜ እንደማታውቅ፣ አያቷም በሰባ አራት ዓመታቸው እንደማያውቁ ጻፈች። እትዬ ሴንትራል እድሜያቸው ላይ ቅር ቢላቸውም ተዉት። አስር ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የዳይሬክተሩ አዲስ ደብዳቤ ቅጂ ደረሰ። «የተማሪዋን አያት ዛሬ በአካል አግኝቻቸዋለሁ» ይላል፤ «በጣም በሕይወት ያሉ ሴት ናቸው።»

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሚጢ ላከችው። ጣቷን አሳርፋ፣ አይኗን ጨፍና። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ምልክት ዞራ ዞራ «ደርሶናል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ያ ሁሉ ወር በዚያች ቃል አለቀ።

የሚጢ እናት ከሥራ የገባችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። በሩ ላይ ቆማ ሁለቱን አየቻቸው። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒ ላይ ሆና ስትጸጸት እንደዋለች ፊቷ ይናገራል፤ የእናቷን ሳንባ ለማካካስ ይመስል አንድ ጠርሙስ ቪታሚን ይዛ መጥታለች። ሁኔታውን በአጭሩ ነገሯት። ስለ ወደቡ ሰውዬ ስትሰማ «መዝገብ ቤት ኃላፊ?» ብላ እናቷን ትኩር ብላ አየች። እትዬ ሴንትራል ትከሻቸውን ሰበቁ።

«ታዲያ አሁን ማን ነው የሞተው?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም» አለች ሚጢ።

የሚጢ እናት ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና ሳቅ ጀመራት። ሳቁ እንባ እስኪሆንባት ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ፣ የእናቷን ጉልበት ሳታያቸው ጭብጥ አድርጋ፣ ራት ልታሰናዳ ወጣች።

ሚጢና አያቷ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቷ ላፕቶፑን ዘጋችው፤ ግን ከወንበሩ አልተነሳችም።

«እማማ።»

«አቤት።»

«እዚያ እያለሁ የእውነት ብትሞቺስ?»

እትዬ ሴንትራል ከጠዋት ጀምሮ ደረጃ ወርደው፣ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከሰው ጋር ተሟግተው ስለ ራሳቸው ሞት ሲከራከሩ ውለዋል። የልጅቷ መሄድ ግን አንድ ጊዜም አልታሰባቸውም ነበር። አሁን ታሰባቸው። ይህች ጠረጴዛ ልብስ ብቻ ይተኮስባታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቁጭ ብሎ «ቆይ ትንሽ ልረፍ» የሚላቸው አይኖርም። ልጅቷ ያንን ሐሙስና ያንን ዝናብ የጻፈችው አንባቢ ለማስለቀስ ብቻ እንዳልሆነም አሁን ገባቸው፤ ፈርታ ነው፤ ቀድማ ልትለማመደው ነው።

እጃቸውን ዘርግተው ጸጉሯን ሊነኩ አሰቡና ባልተለመደ ነገር እንዳያስደነግጧት ብለው ትከሻዋ ላይ አሳረፉት።

«አገሩ ብርድ ነው አሉ» አሉ።

«በጣም።»

«ነገ ወርደን ወፍራም ካልሲ እንገዛለን።»

«ገና አልተቀበሉኝም እኮ እማማ። ምናልባትም አይቀበሉኝም።»

«ባይቀበሉሽስ?» አሉ እትዬ ሴንትራል። «እግርሽ ካልሲ መፈለጉ አይቀርም። ቁጥርሽ ስንት ነው?»